«አልደረሰም» ያለው መምህር

ዳኛው ተክለ ጊዮርጊስ የሚባል፣ ከጭልጋ ገበሬዎች የተወለደ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ፣ ከመቆጣት ይልቅ ዝምታን የሚመርጥ ሰው ነበር። ጣሊያን ጎንደር ሲገባ ገና ዳዊት ይደግም ነበር፤ ጣሊያን ሲወጣ ጾመ ድጓውን ጨርሶ ከበአታ ደጅ አቋቋም የሚማር ወጣት ሆኖ ነበር። አባቱ፣ ልጃችን መርጌታ ሆኖ ወደ ጭልጋ ይመለስልናል ብለው ይጠብቁ ነበር። እሱ ግን ከተማው ውስጥ አዲስ በተከፈተው የመንግሥት ትምህርት ቤት ደጅ ሲያልፍ ሲያገድም ሰንብቶ አንድ ቀን ገባ፤ ከገባ በኋላም አልወጣም። ስምንተኛን ጨረሰ፣ አዲስ አበባ ሄዶ መምህርነት ተማረ፣ ተመልሶም ጎንደር አስተማሪ ሆነ። አባቱ ብዙ ጊዜ አኮረፉት። በኋላ ግን አንድ የገበያ ቀን ተማሪዎቹ መንገድ ላይ እየቆሙ እጅ ሲነሱት አይተው፣ «እንግዲህ እሱም ወንበር ዘርግቷል ማለት ነው» ብለው ታረቁት።

በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ከጎንደር አጠገብ ፀዳ ላይ አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ሲከፈት ዳኛው ከመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች አንዱ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ከጣሊያን የቀረ መጋዘን ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው የተላላጠ፣ መስኮቱ በጣውላ የተመታ። ዲሬክተሩ አቶ አላምረው ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ከአስተማሪዎቹ ጋር ግድግዳውን ሲለስኑ የሰነበቱ ሰው ናቸው። «ይህ ቤት አንድ ቀን ኮሌጅ ይባላል» ይሉ ነበር ጭቃ በጭቃ ሆነው። ያን ጊዜ የሰማቸው ሁሉ ይስቅ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የሚስቅ አልነበረም። ማሠልጠኛው የአንደኛ ደረጃ አስተማሪዎችን እያወጣ በምስክር ወረቀት ይልክ ነበር፤ ልጆቹ ከአዲ አርቃይ እስከ ጃናሞራ ተበትነው ያስተምራሉ። አቶ አላምረው አሁን የሚፈልጉት ዲፕሎማ የመስጠት ፈቃድ ነው። ዲፕሎማ ማለት ለተመራቂው ሌላ ዕድል ነው፦ ደመወዙ ከፍ ይላል፣ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ቢልም በሩ አይዘጋበትም። ትምህርት ቤቱም ኮሌጅ ይባላል። ዳኛውም ይህን ከልቡ ይመኝ ነበር። የሚስቱ የአበቡ ታናሽ ወንድም ፋንታሁን በዚያው ዓመት የሚመረቅ ሠልጣኝ ነበረና ነገሩ ከቤቱም ይደርሳል። ፋንታሁን ያደገው ዳኛው ቤት ነው፤ ከምግብ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ዲፕሎማው ለእኛ ይደርሳል?» ብሎ ያልጠየቀበት ሳምንት አልነበረም።

ፈቃዱ እንዲሁ አይሰጥም። ከአዲስ አበባ የመጣው ትእዛዝ፣ ትምህርት ቤቱ በመጀመሪያ ስለ ራሱ ይጻፍ ይላል፤ ምን እንደሚያስተምር፣ በማን እንደሚያስተምር፣ ምን እንዳለው፣ ምን እንደሚጎድለው። ከዚያ መርማሪዎች መጥተው የተጻፈውን ከእውነቱ ጋር ያስተያያሉ። አስተማሪዎቹ ከሥራ በኋላ እየተሰበሰቡ ሲጽፉ ሰነበቱ። የሚጎድለው ላይ ሲደርሱ ግን ብዕሩ ይከብዳል።

«ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ምን እንበል?» አለ አንዱ።

«አለ በሉ» አሉ አቶ አላምረው።

«መኖሩንማ አለ። መጻሕፍቱ ናቸው እንጂ የሌሉት።»

ሁሉም ሳቁ፤ አቶ አላምረውም ሳቁ። በመጨረሻም እውነቱን ጻፉ፦ መጻሕፍቱ ጥቂት ናቸው፣ የሳይንስ መሣሪያው ከአንድ ጠረጴዛ አይዘልም። የማስተማር ዘዴ የሚባለው ትምህርት ላይ ሲደርሱ ግን ማንም አልተከራከረም። እሱ የዳኛው ነው፤ የትምህርት ቤቱ ኩራትም እሱ ነው። ሠልጣኞቹ የሚለማመዱት ከግቢው አጠገብ በተሠራች የመለማመጃ ትምህርት ቤት ነበር። ክፍሎቿ ንጹሕ፣ ልጆቿ የከተማ ልጆች፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ለብቻው አስተማሪ ያላት፣ ግድግዳው በሥዕል የተሸፈነ። እዚያ ቆሞ የሚያስተምረውን ሠልጣኝ ያየ ሁሉ ያደንቃል። «በዚህ የሚጎድለን የለም» ተብሎ ተጻፈ። የጻፈውም ዳኛው ራሱ ነበር።

መርማሪዎቹ የሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጥምቀት እንዳለፈ መጡ። ሦስት ነበሩ። አለቃቸው አቶ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ አንድ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዲስ አበቤ ናቸው። ክፍል ገብተው ከኋላ ተቀምጠው አዳመጡ፣ የፈተና ወረቀቶች አገላብጠው አነበቡ፣ ወጥ ቤት ገብተው የሠልጣኞቹን ምሳ ቀመሱ። የመለማመጃዋን ትምህርት ቤት ሲያዩ አቶ ወልደ ዮሐንስ ብዙ ቆዩ። ሲወጡም፣ «ሸጋ ናት። ሸጋ ነው አይደል እዚህ የሚባለው?» አሉ ፈገግ ብለው። አቶ አላምረው ፊታቸው በራ።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ወልደ ዮሐንስ፣ «ከዚህ የወጡትን ልጆች ማየት እፈልጋለሁ።»

«ከተማው ውስጥ አሉ፤ ነገ ጠዋት እንሄዳለን» አሉ ዲሬክተሩ።

«የከተማዎቹን ባልደረቦቼ ያዩልኛል። እኔ የራቀውን ብመርጥ ነው። ከሁሉ ሩቅ የተመደበው የት ነው?»

ዳኛው አልቻለም፤ ከአፉ አመለጠው። «መካነ ብርሃን ነው፣ ጃናሞራ። ክንዴ የሚባል አለ። እስካሁን ካስተማርኋቸው እንደሱ ያለ አልወጣም።»

አቶ ወልደ ዮሐንስ ጉልበታቸውን አሻሹ። «በምን ነው የሚኬደው?»

«እስከ ደባርቅ በማኪና፣ ከዚያ በበቅሎ።»

«እንግዲያው ይዘኸኝ ትሄዳለህ።»

ደባርቅ ላይ በቅሎ የሚያከራዩ አያ የሻው የሚባሉ ሽማግሌ አገኙ። አያ የሻው መንገዱን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል፤ ነገር ይወዳሉ፤ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። የበቅሎውን ልጓም እየሳቡ፣ «ጌቶች፣ ምነው በዚህ ብርድ ወጡ? ዳኝነት ነው? የመሬት ነገር ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የለም» አሉ አቶ ወልደ ዮሐንስ፣ «አንድ ትምህርት ቤት እየመረመርሁ ነው።»

«የመካነ ብርሃኑን?»

«የጎንደሩን።»

አያ የሻው ቆም ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ወደ ዳኛው ጠጋ ብለው፣ «የጎንደሩን ከሆነ ምነው ታዲያ ሰሜን ተራራ ያወጣቸዋል? መንገድ ተሳስተው ነው እንዳትለኝ» አሉት በሹክሹክታ። ዳኛው ሳቀ። ቧሂት ተራራ ላይ ሲደርሱ ግን የሚስቅ ጠፋ። ነፋሱ ከጅብራው ዛፍ ሥር እየተነሣ ፊት ይቆርጣል። አቶ ወልደ ዮሐንስ ከበቅሎው ሲወርዱ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ዳኛው ደግፎ አሳለፋቸው። አንድም ጊዜ እንመለስ አላሉም።

መካነ ብርሃን የደረሱት መንገድ ላይ አድረው በማለዳ ነው። ትምህርት ቤቱ ከገበያው በላይ ያለ አንድ ረጅም የሣር ቤት ነበር። ክንዴ እንግዶች መምጣታቸውን አልሰማም። በሩ ላይ ቆመው ሲያዩት ጠመኔ ይዞ፣ ሸሚዙን ቆልፎ፣ ክራቫቱን አስሮ ያስተምራል። ዳኛው ልቡ ሞቀ። ልክ እንዳስተማረው ነው፦ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ፣ ያለፈውን ትምህርት መከለስ፣ አዲሱን ማስተዋወቅ፣ ጥያቄ መጠየቅ፣ ሥዕል ማሳየት። ሥዕሉንም አወቀው። ከፀዳ የሄደ፣ የመንገድ ደንብ የሚያስተምር ሥዕል ነው።

«አረንጓዴ ሲበራ?» አለ ክንዴ።

«ማኪናው ይሄዳል!» አሉ ከፊት የተቀመጡት በአንድ ድምፅ።

መካነ ብርሃን ማኪና ገብቶ አያውቅም።

ቀስ በቀስ ዓይኑ የቤቱን ጨለማ ሲለምደው ዳኛው ከፊት ያሉትን አልፎ ማየት ጀመረ። ቤቱ እስከ ጥግ ሞልቷል። የሚመልሱት ከፊት ያሉት አንደኛ ክፍሎች ብቻ ናቸው። ከነሱ ኋላ ሁለተኛ ክፍሎች፣ ከግድግዳው ሥር ደግሞ ሦስተኛዎቹ፣ ጋቢና ደበሎ ተከናንበው ቁጭ ብለዋል። አንዳንዱ እንቅልፍ ይዞታል፣ አንዳንዱ በሣሩ ቀዳዳ ውጭውን ያያል። አንድ አስተማሪ፣ ሦስት ክፍል፣ አንድ ቤት። አቶ ወልደ ዮሐንስ ጎንበስ ብለው ከበሩ አጠገብ ከጥጉ የተቀመጠች አንዲት ልጅ በሹክሹክታ ጠየቁ።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ሦስተኛ።»

«አሁን ምን እየተማርሽ ነው?»

«ተራዬን እየጠበቅሁ ነው።»

ልጅቱ ይህን ያለችው ያለ ምንም ቅሬታ ነው፤ ትምህርት ማለት እንዲህ ይመስላታል።  አንድ መምህር በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል ያስተምራል ብሎ ክንዴን ያስተማረው ግን ዳኛው ራሱ ነው። ክንዴም አንዷን ቃል ሳይጥል ፈጽሞታል፤ አንደኛዎቹን ሲጨርስ ወደ ሁለተኛዎቹ፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛዎቹ። ሦስተኛዎቹ ጋ ሲደርስ ቀኑ ይመሻል።

ክንዴ እንግዶቹን ሲያይ ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። ሮጦ መጥቶ የዳኛውን ትከሻ ሳመ። ልጆቹን ለምሳ ሲለቅ እንግዶቹን ቤቱ ወሰዳቸው። ቤቱ ትንሽ ጎጆ ናት፤ ገብስ ጠላ ቀዳ፣ በሶ በጠበጠ፣ እሳት አነደደ። የሚያማክረው ሰው ሲጠብቅ የኖረ ነበርና ሳይጠየቅ ተናገረ።

«መምህር፣ ያስተማሩኝን አንድም አላጎደልሁም።»

«አይቻለሁ» አለ ዳኛው።

«ታዲያ ምነው አልሆን አለኝ? ከጥቅምት ጀምሮ ልጆቹ እየቀሩ ነው። አባቶቻቸው ‹ልጄ ቁጭ ብሎ ከሚውል ከብት ይጠብቅልኝ› ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሌሊት እየተነሣሁ ያጠፋሁትን እፈልጋለሁ፤ አላገኘውም። ምን አጥፍቼ ነው?»

  ይህ ልጅ ሰነፍ ቢሆን፣ ቢጠጣ፣ ሥራውን ቢተው ለዳኛው ይቀልለው ነበር። «አንተ አላጠፋህም» አለው። 

 በማግስቱ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ በቅሎዎቹ ቀስ ሲሉ ዳኛው አቶ ወልደ ዮሐንስን ጠየቃቸው።

«ምን ሊጽፉ ነው?»

«ያየሁትን» አሉ። «ዳኛው፣ እኛ መጽሐፍ እንቆጥራለን፣ ክፍል እንለካለን፣ አስተማሪው የት ተማረ ብለን እንጠይቃለን። ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። ግን ሁሉም የሚሄደው ወደ አንድ ጥያቄ ነው። ከዚህ ቤት የወጣው ሰው የተላከበትን ሥራ ይችለዋል ወይ? ክንዴ ጎበዝ ልጅ ነው። እናንተ ያዘጋጃችሁት ግን ለፀዳ ነው፤ የላካችሁት ጃናሞራ።»

«እና አይሰጡንም ማለት ነው?»

«እኔ ብቻዬን አልወስንም። ከባልደረቦቼ ጋር እንመክራለን፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ከእናንተ ነባሮቹን አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። አንተንም እጠይቅሃለሁ።»

አያ የሻው ከፊት ሆነው ሁሉንም ይሰሙ ነበር። ደባርቅ ሲደርሱ ዳኛውን ወደ ጎን ስበው፣ «ልጄ፣ እኒህ ሰውዬ መንገድ አልተሳሳቱም» አሉት።

ነባር አስተማሪዎቹ በዲሬክተሩ ቢሮ ተራ በተራ ገቡ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ትምህርት ቤት ዛሬ ዲፕሎማ ቢሰጥ ተገቢ ነው ወይ? የገቡት ሁሉ አዎን ብለው ወጡ። አንዳንዶቹ ስለ መጻሕፍቱ አነሡ፣ አንዱ ስለ ውኃ እጥረት ተናገረ፤ ግን አዎን አሉ። ዳኛው ተራውን ሲጠብቅ በመስኮቱ ፋንታሁንን አየው። ከጓደኞቹ ጋር ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል፤ ይስቃል። አቶ አላምረው በግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

ገባ። ሦስቱም ተቀምጠዋል። አቶ ወልደ ዮሐንስ እንደማያውቁት ሰው ጥያቄውን ከመጀመሪያው ጠየቁት።

«አልደረሰም» አለ ዳኛው።

ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ቀና አሉ።

«ግማሹ ተመራቂያችን የሚሄደው አንድ አስተማሪ ብቻ ወዳለበት ትምህርት ቤት ነው። እኛ ደግሞ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ገብቶ ማስተማር አላሳየነውም፤ እኛም አናውቀውም። ይህ ሳይስተካከል ዲፕሎማ ብንሰጠው ወረቀቱ እንጂ እሱ አይለወጥም። ጊዜ ስጡን። ግን አንድ ነገር ልለምን። አሁን በምስክር ወረቀት የሚወጡት፣ ፈቃዱ ሲመጣ በክረምት ተመልሰው እንዲያሟሉ ይፈቀድላቸው። በእኛ ጉድለት እነሱ ለዘላለም አይቅሩ።»

«ይህ ይጻፋል» አሉ አቶ ወልደ ዮሐንስ።

ከቢሮው እንደወጣ በቀጥታ ወደ አቶ አላምረው ሄደ። ከሌላ አፍ እንዲሰሙት አልፈለገም። የተናገረውን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። አቶ አላምረው ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ቆመው ሰሙት። አልጮኹም። እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው፣ «ይህን ግድግዳ አብረን ነው የለሰንነው፣ ዳኛው» አሉ። «አዎን» አለ። «ለእኔ ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረ?»  ቀድሞ ቢነግራቸው ኖሮ ወደዚያ ቢሮ መግባት ሊከብደው እንደሚችል ዳኛው ያውቅ ነበር፤ ይህን ግን እንዴት አድርጎ ይናገረዋል?

ቤቱ ሲደርስ አበቡ ወሬውን ሰምታ ጠበቀችው። አበቡ ስትቆጣ ባሏን አንቱ ማለት ልማዷ ነው።

«ገቡ? ደኅና ዋሉ?» አለችው።

«አበቡ…»

«ወንድሜ ይህን ዓመት እንዴት እንደጠበቀው አንቱ አያውቁም? እዚችው ገበታ ላይ አይደለም ወይ የለመነዎት? ሌላው ሁሉ አዎን ሲል የእርስዎ አፍ ብቻ ምነው እምቢ አለ?»

«ክንዴን አላየሽውም» አለ። «ያየሁትን አይተሽ ቢሆን…»

«እኔ ያየሁት ፋንታሁንን ነው። ልብሱን ጠቅልሎ ወጣ። ከጓደኞቹ ጋር አድራለሁ ብሏል።»

ፋንታሁን ከዚያች ቀን ወዲያ እዚያ ቤት አላደረም። ሰኔ ላይ ተመረቀ፤ ምስክር ወረቀቱን ይዞ አዲ አርቃይ ተመደበ። ሲሄድ እኅቱን ተሰናበተ፤ ዳኛውን ግን አልተሰናበተም። ዳኛው ያን ቀን ክፍል ውስጥ ነበር፤ ማኪናው በፀዳ በኩል እንደማያልፍ እያወቀ ድምፅ በሰማ ቁጥር ወደ መስኮቱ ያይ ነበር።

ከአዲስ አበባ የመጣው ውሳኔ የሁለት ዓመት ጊዜ ይሰጣል። ትምህርት ቤቱ በነዚያ ዓመታት ማሟላት ያለበት ተዘርዝሯል፤ ዋናው ግን የገጠር ትምህርት ቤት ልምምድ ነበር። የክረምቱም ነገር ተፈቅዷል። አቶ አላምረው አስተማሪዎቹን ሰብስበው አነበቡላቸው። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ዳኛው አነሡ። «አንተ ነህ የተናገርኸው፤ አንተ ትሠራዋለህ» አሉት። ሌሎቹ እንደ ቅጣት ቆጠሩት። ዳኛው ግን የሚፈልገው እሱኑ ነበርና እጅ ነሣ።

መስከረም ሲጠባ ወደ መካነ ብርሃን ወጣ፤ እስከ ገናም እዚያው ተቀመጠ። ክንዴ ጎጆ ውስጥ መደብ ሠራለት። ቀን አብረው ያስተምራሉ፣ ማታ ተቀምጠው የሆነውንና ያልሆነውን ያወራሉ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ተበላሸ። ሦስቱን ክፍል በሦስት ጥግ ቢያስቀምጧቸው ድምፁ ተደባልቆ ገበያ መሰለ። አንዱን ውጭ ቢያወጡት ብርዱ መለሰው። አንድ ቀን ዳኛው ከሦስተኛ ክፍል ያችን ተራዋን ትጠብቅ የነበረች ልጅ ጠርቶ አንደኛዎቹ መካከል አስቀመጣትና ፊደል እንድታስቆጥር አዘዛት። እሱ የተማረው እንዲህ ነበር፤ በበአታ መርጌታው ሁሉን አያስተምሩም፣ የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን እያስከተለ ያስቀጽላል። ልጅቱ አንገቷን ቀና አድርጋ ጀመረች። ክንዴ ከሁለተኛዎቹ ጋር ሒሳብ ይሠራል፣ ዳኛው ከግድግዳው ሥር ሦስተኛዎቹን ያጽፋል።

«መምህር» አለ ክንዴ በሹክሹክታ፣ «ይህንማ እኛም የቄስ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ምነው ፀዳ ላይ አልነገሩኝም?»

«ማሠልጠኛ ስገባ ውጭ ትቼው ስለ ገባሁ» አለ ዳኛው።

ሁሉም ነገር በዚህ አልተፈታም። ልጆች በአጨዳ መቅረታቸውን አልተዉም፤ አንዳንድ ወላጅ፣ «ልጄን የላክሁት እንዲያስተምር ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጥቷል። ግን ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚውል ልጅ አነሰ። የመንገድ ደንቡ ሥዕልም ተጠቅልሎ ጣሪያው ላይ ተሰካ፤ በፋንታው ክንዴ የበጉንና የገብሱን ሥዕል በከሰል ሣለ። በጉ ውሻ ይመስል ነበር፤ ልጆቹ ግን ወደዱት።

ከገና በኋላ ዳኛው ወርዶ ትምህርቱን እንደ አዲስ አዘጋጀ። ከፀዳ ሠልጣኞችን እየያዘ ወደ ደጋው ይወጣል፤ አያ የሻውም ደንበኛ ሆኑለት። አቶ አላምረው በመጀመሪያው ዓመት ብዙም አላነጋገሩትም። በሁለተኛው ዓመት ግን ሠልጣኞቹ ከደጋ ተመልሰው ሲያወሩ ሰምተው ራሳቸው በቅሎ ላይ ወጡ። ከመካነ ብርሃን ሲመለሱ ፊታቸው በብርድ ጠቁሮ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። ዳኛው ቢሮ በር ላይ ቆመው፣ «ያ ክንዴ በግ መሣል አይችልም» አሉ፤ ሳቁም። ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው ሆኑ።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሌሎች መርማሪዎች መጡ። ጥያቄያቸው ብዙ ነበር፣ መጻሕፍቱም ገና አልበቁም፤ ቢሆንም ደጋ ወጥተው አይተው ተመለሱ። ፈቃዱ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱ ኮሌጅ ተባለ፣ አቶ አላምረውም በራሳቸው ወጪ በር ላይ የሚሰቀል ጽሕፈት አሠሩ።

በዚያው ክረምት ቀድሞ በምስክር ወረቀት የወጡት ትምህርታቸውን ሊያሟሉ ከየወረዳው መጡ። ዳኛው የመጀመሪያውን ቀን ክፍል ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። የተቀመጡትን በዓይኑ ሲያስስ ከኋላ ወንበር ላይ ፋንታሁንን አየው። ከስቷል፣ ፀሐይ አጥቁሮታል፣ ጢም አብቅሏል። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ እንደ ማንኛውም ተማሪ።

ዳኛው ትምህርቱን ጀመረ። ስለ አንድ መምህር ትምህርት ቤት፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ስለሚረዱበት ሁኔታ ተናገረ። መሀል ላይ ሲደርስ ከኋላ እጅ ወጣ።

«ጋሼ» አለ ፋንታሁን፤ ወዲያው ራሱን አርሞ፣ «መምህር፣ ይህ አዲ አርቃይ አይሠራም።»

ሌሎቹ ወደ ኋላ ዞረው አዩት።

«ለምን?» አለ ዳኛው።

«ትልልቆቹ አይገኙማ። ቆላ ነው፤ ገበያ ቀን ከአባታቸው ጋር መንገድ ይወጣሉ፣ ትልልቆቹን ብጠብቅ ትንንሾቹም ይቀሩብኛል። እኔ ሌላ ነገር ነው የሞከርሁት።»

«ሆነልህ?»

«ግማሹ ሆነልኝ።»

ዳኛው ጠመኔውን ዘረጋለት። «እንግዲያው ና፤ ግማሹን ንገረን።» ፋንታሁን ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። ዳኛው እሱ በለቀቀው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፋንታሁን ነገሩ ውስጥ ገባ፤ ገበያ ቀን ትንንሾቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ እርስ በርስ እንዴት እንዳስጠናቸው እያሳየ ሰሌዳውን ሞላው፤ ከዳባትና ከጭልጋ የመጡት ተከራከሩት፤ የመውጫው ደወል ሲደወል ማንም አልተነሣም።

ማታ ቤቱ ሲገባ አበቡ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ፋንታሁን መምጣቱን ከጎረቤት ሰምታለች።

«አነጋገረህ?» አለችው።

«ተከራከረኝ።»

«በምን?»

«በትምህርት ነገር። እውነት አለው።»

አበቡ ፊቱን አየችው። «ታዲያ እራት ይመጣል ወይ?»

«አልጠራሁትም። ይከብደው ይሆናል ብዬ…»

«እሱን ይከብደዋል ወይስ አንተን?» አለች። መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ገብታ መሶቡ ላይ እንጀራ እየጨመረች ተጣራች። «ምን ትገተራለህ? ሂድ ጥራው እንጂ፤ ወጡ ሳይቀዘቅዝ!»

ዳኛው ካቦርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ዝናቡ ወጣ።